ሠላሳ ስድስት ጊዜ የጠፋው መንገደኛ

ሙዚቃውን ትንሽ ቀንሱልኝ። የቦጎታው አውሮፕላን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ግማሾቻችሁ ጓንት አጥልቃችሁ የሰው ሻንጣ ስትበረብሩ ነው የምትገኙት፤ ስለዚህ አሁኑኑ ልናገር። ለማታውቁኝ፣ ያሪዬላ ነኝ፣ የትራንዚት ፍተሻ፣ መስመር ሁለት። ንግግር አልችልም። ይህንኑ ለአለቃችን ለሴኞር ቤሊሳሪዮ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ አታውቂም፣ ዛሬ ምን ተገኘ ብለው አሳፈሩኝ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ዶን ዲዲሞ ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም። የነገሩን የዚያን ጊዜዋ ፈታሽ ሴኞራ ኤኔይዳ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ያን ቀን ይኸው ሰውዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ ምሳቸውን በቆርቆሮ ይዘው መጡ። ዓይናፋር ናቸው፣ ታውቋቸዋላችሁ። ሠራተኛ ነኝ ብሎ ማለፍ አፍረው ከመንገደኞቹ ኋላ ተሰለፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ሴኞራ ኤኔይዳ ቀና ሳይሉ፣ “መጨረሻዎ የት ነው?” አሏቸው።

“እዚሁ ነው።”

“እዚህ የማንም መጨረሻ አይደለም። መሸጋገሪያ ነው።”

“እኔ ግን እዚህ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት።”

መንገድ የጠፋበት ምስኪን መስለዋቸው ወደ ማናጓ የሚሄዱት መሃል ከተቷቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ሄዱ። አውሮፕላኑ በር ላይ ደርሰው፣ የመሳፈሪያ ወረቀት ሲጠየቁ ነው የምሳ ቆርቆሯቸውን ያሳዩት። ለትንሽ ነው እንጂ ዛሬ ማናጓ ውስጥ ነበር የሚሸኙት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እግራቸው አውሮፕላን ረግጦ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ አንዴ ለጥቂት አመለጥኩ፣ ሁለተኛ አላምናቸውም ይላሉ። በቀን ሁለት ሺህ ሰው ወደ ሰማይ የሚልክ ሰው፣ እዚሁ አገር ውስጥ ያለችው ኮሎን ከተማ እንኳ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው።

ያቺን የሴኞራ ኤኔይዳን ጥያቄ ግን ይዘዋት ቀሩ። መጨረሻዎ የት ነው? ሌላው ፈታሽ ወዴት ነው የሚሄዱት ይላል። እሳቸው ለሕፃኑም ለሽማግሌውም መጨረሻዎን ነው የሚጠይቁት። አንድ አዛውንት በአንድ ወቅት፣ “እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው ልጄ፣ ለጊዜው ግን ጓያኪል ነኝ” ብለው መለሱላቸው። ዶን ዲዲሞ ለሳምንት ያንን እያነሱ ሳቁ።

ማንኪያዋን ደግሞ ማን ይረሳል። ከደረት ኪሳቸው የማትጠፋዋ ማንኪያ። ፈሳሽ አያልፍም ነው ሕጉ፤ ግን የወተት ማርማላታ ፈሳሽ ነው ደረቅ? ሕጉን የሚጽፉት ሰዎች አልቀመሱትም መሰለኝ፣ አልነገሩንም። እሳቸው ታዲያ ማሰሮውን ያስከፍቱና ማንኪያቸውን መሃሉ ላይ ይተክላሉ። ከቆመች ደረቅ ነው፣ ይለፍ። ከወደቀች ፈሳሽ ነው፣ ይቅር። ከሜዴዪን የመጣች አንዲት ሴትዮ ማንኪያዋ ስትዘም አይታ፣ ለናንተ ቆሻሻ ማጠራቀሚያማ አልሰጥም ብላ ሙሉ ማሰሮውን እዚያው ቆማ በላችው። ዶን ዲዲሞም ብቻዋን እንዳትበላ ብለው አገዟት። ሴኞር ቤሊሳሪዮ፣ በዚያ ምክንያት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፉባቸው እርስዎ ነዎት፣ አይሳቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ያቺ አነጋገራቸው። ከትራንዚት መንገደኛ አፍ በቀን መቶ ጊዜ የምንሰማው አንድ ነገር ነው። እዚያ እኮ አሳልፈውኛል። ቦነስ አይረስ አሳልፈውኛል፣ ሃቫና አሳልፈውኛል። ከዲዩቲ ፍሪ የገዛውን የሩም አረቄ ለማሽተት ብቻ ብሎ የታሸገውን ከረጢት የቀደደውም እዚያ አሳልፈውኛል ነው የሚለው። ዶን ዲዲሞም ምን ይላሉ? በሉ አብራችሁኝ።

“እዚያ እዚያ ነው፣ እዚህ ደግሞ እዚህ።”

አያችሁ፣ ሁላችንም ተምረነዋል። እኔም በሦስተኛው ሳምንቴ ተምሬው ነበር። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ግን አያስቅም። ዶን ዲዲሞ፣ አይነሱ፣ ቁጭ ይበሉልኝ። የማወራው ስለዚያ ሰውዬ እንደሆነ ገብቶዎታል።

ሐሙስ ቀን ነበር። ዶን ዲዲሞ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደዋል። ሰልፉ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ደርሷል፤ የሊማው አውሮፕላን ዘግይቶ አርፎ፣ ወደ ቬኔዝዌላ የሚሄዱ ሦስት በረራዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሳሉ። አንዲት ሴትዮ በሕፃን ፎጣ የጠቀለለችውን ነገር ታቅፋ መጣች። ክዳን ያለው የነሐስ ማሰሮ ነው። ልጇ ሊማ ሞቶ፣ አስከሬኑን አቃጥለው አመዱን የሰጧት በዚያ ማሰሮ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ጥቁር ሆኖ ታየ። ነሐስ ነዋ። ማሽኑ ያላየው አያልፍም፤ የሙት ዕቃ ደግሞ እኛ አንከፍትም። አያልፍም፣ አይከፈትም። ሁለቱም ሕግ ነው።

ሊማ እኮ አሳልፈውኛል አለችኝ፣ ወረቀቷን ዘርግታ። እኔ የሦስት ሳምንት ፈታሽ ምን አልኳት መሰላችሁ? እዚያ እዚያ ነው፣ እዚህ ደግሞ እዚህ አልኳት። ዶን ዲዲሞ ይህን ሲሉ እጃቸው መላ እየፈለገ ነው። እኔ ግን ብዬ ዝም አልኩ።

ወጥተሽ፣ በጉምሩክ አልፈሽ በዕቃ ጭነት ላኪው አልኳት። ለመውጣት ቪዛ ያስፈልጋል፤ የላትም። አውሮፕላኑ ካመለጣት የሚቀጥለው ከስምንት ቀን በኋላ ነው፤ ትኬቷም የማይለወጥ ነው። በድምፅ ማጉያው የመጨረሻ ጥሪ ይጠራል። “እናት አለሽ ወይ?” አለችኝ። “አዎ፣ አለችኝ” አልኳትና፣ ከኋላዋ ያለውን ሰው ቀጥል አልኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለዶን ዲዲሞም ቢሆን።

ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔም የተረከብናቸው ዕቃዎች ቅጽ አወጣሁ።

“ስም?”

“ክሩዝ ቺሪኖስ።”

“መጨረሻ?”

“ከአባቱ ጎን።”

እንዳለችኝ ጻፍኩት። ሰው ይጮኽብኛል፣ ከአባቱ ጎን የሚባል ከተማ የለም ብዬ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ቁጥር ያለው ቁራጭ ወረቀት ሰጠኋት። ክዳኑን ሳመችና ሮጠች። ፎጣውን ትታው ሄደች።

በማግስቱ ዶን ዲዲሞ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ነገርኳቸው። ሎከራቸውን ከፈቱ። ውስጡ ሦስት የእንጨት ሣጥኖች አሉ፤ አማቻቸው አናጢ ናቸው፣ ያለ ምስማር የሠሯቸው። እንጨትን ማሽኑ አጥርቶ ያያል። ለካ እንዲህ ዓይነት መንገደኛ ሲመጣ ትንሿን ክፍል ይከፍቱለታል። ቤተሰቡ በገዛ እጁ ወደ እንጨቱ ያዛውራል፤ እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር። ያንን አላሉኝም። ስሟን ጽፈሻል ወይ ብቻ አሉኝ። ጽፌያለሁ አልኳቸው። እንግዲያው ትመጣለች አሉኝ።

አልመጣችም። አየር መንገዶቹን ለመንናቸው። የመንገደኛ ዝርዝር አንሰጥም፣ እናንተ ስም አምጡ፣ አለ ወይም የለም እንላችኋለን አሉ። ክሩዝ ቺሪኖስ በሦስቱም በረራ የለችም። በሐሰተኛ ፓስፖርት ነው የሄደችው ያለም ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በልቤ አውቄው ነበር፤ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ነው ያጣሁት።

የጠፉ ዕቃዎች ክፍልን ሕግ ታውቃላችሁ። ዘጠና ቀን ነው። በዘጠና አንደኛው ቀን ዕቃው ለጉምሩክ ይሰጥና ይወገዳል። ዶን ዲዲሞ ደግሞ ውሸት አይጽፉም። ቀን ሰርዘው ቀን መደለዝ ለእሳቸው ነውር ነው። ታዲያ በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን ማሰሮውን በፎጣው እንደጠቀለሉት ታቅፈው ሄዱና በር ሃያ ሁለት፣ መስኮቱ አጠገብ ያለችው የመጨረሻ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ውኃ መጠጫው ድረስ ሄዱ። ውኃ ጠጡ። ዞር አሉና አዩት። የተረሳ ዕቃ አገኘሁ ብለው መዘገቡት፤ በአዲስ ቀን፣ በአዲስ ቁጥር። ውሸት አይደለም እኮ፣ እውነትም አግኝተውታል።

በየዘጠና ቀኑ እንዲሁ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አንድ ጊዜ ውኃ እየጠጡ ሳሉ አንድ ቱሪስት አጠገቡ ተቀመጠና ባለቤት የሌለው ዕቃ አለ ብሎ ጮኸ። ጥበቃው ተንጋጋ፣ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ አነፍናፊዋ ውሻ መጣች። ዶን ዲዲሞ አፋቸውን እያበሱ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡና፣ “ተዉት፣ አውቀዋለሁ” አሉ። ሴኞር ቤሊሳሪዮ፣ ለሁለት ዓመት ያጣሩት ጉዳይ ያ ነበር።

ቆጥሬያለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ጠፋ፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ አገኙት። የእኔን ጥፋት በየሦስት ወሩ እያነሱ ታቅፈው ሲሄዱ አያለሁ። አንድ ቀን አንቺ ያዢው አላሉኝም፣ አንድ ቀንም እኔ ልያዘው አላልኳቸውም። ፈራሁት፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሰኞ አዲሱ ኮምፒውተር ይጀምራል። እያንዳንዱ ዕቃ መለያ ይለጠፍበታል፤ አንዴ የተመዘገበ ዳግመኛ ተገኘ ተብሎ አይመዘገብም። በዘጠና ቀኑ ያበቃለታል። ዶን ዲዲሞ ከአንድ ወር ወዲህ ምሳቸውን እንደማይጨርሱ አይታችኋል። ጡረታው ከብዷቸው ነው ስትሉ ሰምቻለሁ። ጡረታው አይደለም። ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ያዙኝና፣ “ያሪ፣ ከሰኞ በኋላ ማን ያገኘዋል?” አሉኝ። መልሱን ይዤ ነበር፣ ግን አልጨረስኩትም ነበር።

ዶን ዲዲሞ፣ አሁን እርስዎን ነው የማናግረው። አለቆቹ ለአዲሱ ኮምፒውተር ብለው ለአሥር ቀን ላይኛው ፎቅ፣ አቤቱታ ክፍል፣ የድሮ ደብዳቤ እንዳስገባ ልከውኝ አልነበር? እዚያ ስድስት ደብዳቤ አገኘሁ። ሁሉም ከካቢማስ፣ ከአንዲት ሴትዮ፣ ከኦፌሊና ኡርዳኔታ። በፎጣ የጠቀለልኩት የነሐስ ማሰሮ፣ ልጄ ነው ውስጡ ያለው፣ ይህ ቁጥሩ ነው ትላለች። ለስድስቱም መልስ ተልኮላታል፤ በስምዎ የተመዘገበ ዕቃ የለም የሚል።

የለማ። ክሩዝ የእሷ ስም አይደለም፤ የልጇ ነው። ክሩዝ ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን አልጠረጠርኩም። ስም ስላት ማሰሮው ውስጥ ማን እንዳለ የጠየቅኳት መስሏት የልጇን ስም ነገረችኝ። መጨረሻ ስላት ደግሞ የእሱን መጨረሻ ነገረችኝ። የቆመችው እሷ ናት፣ የጻፍኩት ግን የእሱን መንገድ ነው። ስሟን ጽፈሻል ወይ ሲሉኝ ጽፌያለሁ አልኩዎት። አልጻፍኩም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሴኞር ቤሊሳሪዮ ይህን ባትነግሪያቸው ይሻላል ብለውኝ ነበር፤ ግን እኔ ብደብቅዎ አንድ ቀን ራስዎ ይደርሱበታል። ቁጥሩ። የመጀመሪያው ደብዳቤዋ የመጣው በአራተኛው ወር ነው። በሦስተኛው ወር እርስዎ በር ሃያ ሁለት ላይ አግኝተውት አዲስ ቁጥር ሰጥተውታል። በስሟም በቁጥሯም ፈልገው አጡት።

አውቃለሁ። አውቃለሁ ዶን ዲዲሞ። ግን ይስሙኝ። ባያገኙት ኖሮ ደብዳቤው ሲደርስ ማሰሮው ተወግዷል። በቁጥሩ የሚፈልጉት ባዶ መደርደሪያ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ያደረጉት ነገር እሱን በሕይወት ማኖር ነው፤ ለሞተ ሰው ይህ የሚባል ከሆነ።

ሰባተኛ ደብዳቤም ነበር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የመጣ። የጻፈችው ሴት ልጇ ናት፣ ዩራይማ፣ የክሩዝ እህት። ደብዳቤዋ አጭር ናት፤ አስገብቼ ሳላበቃ በቃሌ ያዝኳት። “እናቴ አርፋለች። ከዚህ በኋላ አንጠይቃችሁም። አባቴ አጠገብ ነው የቀበርናት፣ በመሃላቸው ግን ቦታ ትተናል።” ለዚችም በስምዎ የተመዘገበ ዕቃ የለም የሚል ወረቀት ተልኮላታል።

ስለዚህ እናትዬው አላየችውም። ይህን የማስተካክልበት መንገድ የለኝም፤ በዛሬው ድግስም፣ በሌላም። ዶን ዲዲሞ፣ እርስዎ ትመጣለች እንዳሉት መጥታ ነበር፣ ስድስት ጊዜ መጣች። እኛ ነን ቤት ውስጥ ሆነን የለንም ያልናት።

ማክሰኞ ደብዳቤዋ ላይ ባለው ስልክ ለዩራይማ ደወልኩ። መጀመሪያ አጭበርባሪ መስያት ስልኩን ዘጋችው። ሁለተኛ ስደውል ፎጣው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቢጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ዳክዬ አለው አልኳት። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የት ነበር አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሯንም፣ መስኮቱንም፣ ውኃ መጠጫውንም። ስለ እኔም ነገርኳት፣ እናቷን ስላልኳት ነገር ሁሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። በጭነት እንላክልሽ ወይ ስላት ግን፣ “አይሆንም። ያገኘው ሰውዬ ይዞት ይምጣ” አለችኝ።

እንግዲህ ይህ ፖስታ ከሁላችንም ነው። ሰዓት ነው ብለው ገምተው ይሆናል፤ ጡረተኛ ሁሉ ሰዓት ነው የሚሰጠው። ሰዓት አይደለም። የነገ ጠዋት ትኬት ነው፣ ወደ ማራካይቦ። ከዚያ ሐይቁን በድልድይ ተሻግረው ካቢማስ ይገባሉ፤ ዩራይማ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትጠብቅዎታለች። አዎ፣ በአውሮፕላን ነው። አይ፣ አውቶቡስ የለውም። ሚስትዎን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሻንጣዎን አሰናድተዋል፣ ለሆድዎ የሚሆን ክኒን ጨምረዋል።

ሎከርዎ ውስጥ አንድ የእንጨት ሣጥን ቀርቷል። ሕጉ አልተለወጠም፣ ነሐሱ ነገም ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። አመዱን እንዲያዛውር ዩራይማ የፈቀደችው የእርስዎን እጅ ነው። ጠዋት ትንሿን ክፍል እከፍትልዎታለሁ። በሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ የምቆመው እኔ ነኝ። ኮፍያ የለኝም፣ አንዱ ያበድረኛል።

ዶን ዲዲሞ፣ ሥራ አስተምረውኛል። ማንኪያውን እችላለሁ፣ አነጋገሩንም እችላለሁ። ያላወቅኩት፣ እዚህ ደግሞ እዚህ ካሉ በኋላ ሰውየውን ዝም ብለው እንደማይተዉት ነበር። በዚያ ሐሙስ ያንን አውቄ ቢሆን ኖሮ አንዲት እናት ልጇን ቀብራ ትሞት ነበር። ስላልተቆጡኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ጊዜ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብቻዎን ስለተሸከሙትም አመሰግናለሁ፤ ያሳፍረኛል፣ ግን አመሰግናለሁ።

በሉ፣ ሴኮ አረቄውን በወተት ያልቀዳ ካለ ይቅዳ። ቦጎታ ሊያርፍ ነው። ዶን ዲዲሞ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ እኛ እንነሳለን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ደህና ገብተው ደህና ይመለሱ፤ ምሳዎንም ይጨርሱ። ክሩዝ ቺሪኖስም ከእንግዲህ አይጥፋ። ለእናቱ ለኦፌሊናም ነፍስ ይማር ብለን እንጠጣ፣ እኔ በተለይ።

ነገ ጠዋት በመስመር ሁለት ነው የሚያልፉት፤ ቅጽ እሞላለሁ። ስም ስልዎ እባክዎን የራስዎን ይንገሩኝ። መጨረሻ ብዬ ግን አልጠይቅዎትም፤ እሱን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጽፌዋለሁ፣ ትክክል ነበር።